በክሩዝ መርከብ ላይ መንገድዎን በጂፒኤስ መከተል፦ ከአዲስ አበባ ለሚነሱ ተጓዦች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለክሩዝ (በመዝናኛ መርከብ ለሚደረግ የባሕር ጉዞ) የሚዘጋጅ ሰው ስለ ቪዛ፣ ስለ ልብስና ስለ ምግቡ አስቀድሞ ይጠይቃል። የት እንዳለ በምን እንደሚያውቅ የሚጠይቀው ግን ብዙውን ጊዜ መርከቡ ወደቡን ለቆ ዙሪያው ሁሉ ውኃ ከሆነ በኋላ ነው። ያኔ ካርታ ለማውረድ ረፍዷል። ስለዚህ ከታች ከተመለሱት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ሥራቸው የሚያልቀው እዚሁ ከተማ ውስጥ፣ ወደ ቦሌ ከመሄድዎ በፊት ነው።

ባሕር ላይ ኔትወርክ ከሌለ ጂፒኤስ እንዴት ይሠራል?

ጂፒኤስ ኔትወርክ አይፈልግም፤ ሲም ካርድም አይፈልግም። ስልክዎ ውስጥ ያለው መቀበያ ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚዞሩ ሳተላይቶች የሚያሰራጩትን ምልክት ብቻ ይቀበላል፤ ወደ እነሱ የሚልከው ነገር የለም። እንደ ሬዲዮ ነው፤ ጣቢያው ያሰራጫል፣ እርስዎ ያዳምጣሉ፣ ለማዳመጥዎ ሂሳብ የሚጠይቅዎት የለም። ቢያንስ የ4 ሳተላይቶች ምልክት ከደረሰው፣ ምልክቶቹ ለመድረስ የፈጁትን ጊዜ አስልቶ ያሉበትን ቦታና ከፍታ ያወጣል። የአሁን ስልኮች ደግሞ ከአሜሪካው ጂፒኤስ በተጨማሪ የሩሲያውን ግሎናስ፣ የአውሮፓውን ጋሊሊዮና የቻይናውን ቤይዱ ይቀበላሉ። ባሕር ላይ ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ክፍት ስለሆነ፣ ካዛንቺስ ፎቆች መካከል ከሚያገኙት የተሻለ ውጤት ያገኛሉ። የስህተቱ መጠን ብዙ ጊዜ 5 ሜትር አካባቢ ነው።

ኔትወርክ የሚፈልገው ካርታው ነው። ካርታውን ሳያወርዱ የሄዱ እንደሆነ ስልክዎ የት እንዳሉ በትክክል ያውቃል፤ የሚያሳይዎ ግን ባዶ ሜዳ ላይ የተቀመጠች ሰማያዊ ነጥብ ነው።

ስልኬ ይበቃኛል ወይስ ለብቻው የጂፒኤስ መሣሪያ ልግዛ?

ስልክዎ ይበቃል። በእጅ የሚያዙት የጋርሚን ዓይነት መሣሪያዎች እዚህ አገር በብዛት የሚታዩት ቀያሾች፣ የመስክ ሠራተኞችና የተራራ አስጎብኚዎች እጅ ላይ ነው። ጥንካሬያቸውና በተራ የባትሪ ድንጋይ መሥራታቸው ለእነዚያ ሥራዎች ወርቅ ነው። የክሩዝ መርከብ ግን መኝታዎ አጠገብ ሶኬት ያለበት ቦታ ነው። ለዚህ ጉዞ ብቻ ብለው ገንዘብ አያውጡ። ቤት ውስጥ የተቀመጠ አሮጌ ስማርት ስልክ ካለዎት ግን እሱን ይውሰዱ። ሲም የሌለበት ስልክ መንገዱን ሲመዘግብ ይውላል፤ ዋናው ስልክዎ ደግሞ ለፎቶና ለጥሪ ባትሪው ይተርፋል። እኔ ከሁሉም የምመርጠው ይህንን አደራረግ ነው።

ከአዲስ አበባ ሳልወጣ ምን ምን ላዘጋጅ?

መጀመሪያ አፕ። ኦስምአንድ እና ኦርጋኒክ ማፕስ ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ ካርታዎች አሏቸው፤ ሁለቱም ኦፕንስትሪትማፕ በተባለው፣ በጎ ፈቃደኞች በሚሠሩት የዓለም ካርታ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። የሄዱበትን መንገድ በመስመር መዝግቦ ማስቀመጥም ይችላሉ። ለባሕር ጉዞ እኔ ኦስምአንድን አስቀድማለሁ፤ የባሕር ምልክቶችን፣ የመብራት ማማዎችንና የወደብ መግቢያዎችን የሚያሳይ ተጨማሪ የካርታ ገጽታ አለው። ጉግል ማፕስም ካርታ አውርዶ ማስቀመጥ ያስችላል፤ ነገር ግን በአንድ ጊዜ የሚያወርዱት ስፋት ገደብ ስላለው፣ ለሚወርዱባቸው ከተሞች እንጂ ለሜዲትራኒያን ስፋት አይመችም።

ቀጥሎ ካርታዎቹ። መርከቡ የሚቆምባቸውን አገሮች ብቻ ሳይሆን በአጠገባቸው የሚያልፋቸውንም ያውርዱ። ከሮም ወደብ ከቺቪታቬኪያ ተነስተው ወደ ግሪክ የሚሄዱ ከሆነ የጣሊያን ካርታ ሲቀር፣ የሌሊቱ ጉዞ ግማሹ ይቀራል። የዓለም ጥቅል ካርታ የሚባለውንም ይጨምሩ፤ ከባሕር ዳርቻ ርቀው ሲሄዱ አህጉሩን በጥቅሉ የሚያሳይዎ እሱ ነው። የአንድ አገር ካርታ ብዙ መቶ ሜጋባይት ሊሆን ስለሚችል በሞባይል ዳታ አይሞክሩት፤ ቤት ወይም መሥሪያ ቤት ዋይፋይ ላይ ሌሊቱን ይተዉት።

ሦስተኛው፣ ብዙ ሰው የሚዘለው፣ ሙከራው ነው። ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ ያድርጉ፣ ሎኬሽን መብራቱን ያረጋግጡ፣ መመዝገቢያውን ይክፈቱና ከመስቀል አደባባይ በስታዲየም በኩል ወደ ለገሃር፣ ከዚያም ቸርችል ጎዳናን ይዘው ወደ ብሔራዊ ቴአትር በእግርዎ ይሂዱ። መስመሩ ሳይቋረጥ ከወጣ ስልክዎ ለባሕሩም ዝግጁ ነው። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ፣ 209 ሜትር ከፍታ ባለው የንግድ ባንክ ሕንፃ ዙሪያ መስመሩ ወደ ጎን ሲዘል ካዩ አይደንግጡ፤ ምልክቱ ከመስታወቱ እየነጠረ ስለሚደርስ ነው፤ ክፍት ባሕር ላይ ይህ ችግር የለም። መስመሩ መሃል ላይ ተቆርጦ ከቀረ ግን ስልኩ ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ አፑን ከበስተጀርባ ዘግቶታል ማለት ነው። በቴክኖና በሳምሰንግ ስልኮች ላይ ይህ ያጋጥማል። በባትሪ ማስተካከያው ውስጥ ገብተው ለዚያ አፕ ገደቡን ያንሱለት። ይህን መርከብ ላይ ከሚያገኙት ለገሃር ላይ ቢያገኙት ይሻላል።

ሮሚንግ (ሲሜን ከአገር ውጭ የመጠቀም ሂሳብ) እንዳይቆጥርብኝ ምን ላድርግ?

ከመርከቡ ጋር ጉዞ ሲጀምሩ ኤርፕሌን ሞድ ያብሩ፣ እስክትወርዱም አያጥፉት። ብዙ መርከቦች የራሳቸው የሞባይል ኔትወርክ አላቸው፤ ከሳተላይት ጋር የተገናኘ ስለሆነ ዋጋው ከመሬቱ ሮሚንግ ጋር አይወዳደርም። የኢትዮ ቴሌኮምም ይሁን የሳፋሪኮም ሲም ይያዙ፣ ስልኩ ይህን ኔትወርክ በራሱ ይዞ አንድ ሁለት አፕ ከበስተጀርባ ከተንቀሳቀሰ ሂሳቡ ያስደነግጣል። ኤርፕሌን ሞድ ጂፒኤሱን አያጠፋም። ዋይፋዩን ለይተው ማብራት ይችላሉ፤ የመርከቡ የራሱ አፕ የሚሠራው በዚያ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ለዚያ አፕ ብቻ ክፍያ የለውም።

መኝታ ክፍሌ (ካቢኑ) ውስጥ ሆኜ ምልክት አላገኝም። ስልኬ ተበላሽቶ ነው?

አይደለም። መርከቡ ብረት ነው፤ የሳተላይቱ ምልክት ደግሞ እጅግ ደካማ ስለሆነ ብረት አያልፍም። መስኮት የሌለው ካቢን ውስጥ ምንም አይጠብቁ። መስኮት ያለው ከሆነ ስልኩን መስታወቱ ላይ አስጠግተው ያስቀምጡ፤ ግማሹን ሰማይ ስለሚያይ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። በረንዳ ካለዎት ነገሩ አለቀ። ከሁሉም የሚሻለው ላይኛው ክፍት ዴክ (የመርከቡ ወለል) ነው፤ ንፋሱ ግን ቀልድ አይደለም፣ ስልኩን ወንበር ላይ ጥለው አይሂዱ።

መርከቡ ላይ የመጀመሪያ ቀን ነጥቡ ለመታየት ለምን ይዘገያል?

ከተማ ውስጥ ስልኩ ሳተላይቶቹ አሁን የት እንዳሉ በኢንተርኔት አስቀድሞ ይነገረዋል፤ ለዚህ ነው በሰከንዶች ውስጥ የሚያገኘው። ባሕር ላይ ያንን መረጃ ከሳተላይቶቹ ራሳቸው መስማት አለበት። አንዱ ሳተላይት የራሱን ቦታ ተናግሮ ለመጨረስ 30 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ የሁሉም ሳተላይቶች ጥቅል ሰንጠረዥ ተሰምቶ የሚያልቀው ደግሞ በ12 ደቂቃ ተኩል ነው። ስለዚህ ክፍት ዴክ ላይ ወጥተው ስልኩን ሳያነቃንቁ ጥቂት ደቂቃ ይታገሡት። አንዴ ከያዘ በኋላ ይፈጥናል።

ካቢኑ ቴሌቪዥን ላይ የመርከቡ ካርታ ይታያል ይባላል። ታዲያ የራሴ ለምን ያስፈልገኛል?

እውነት ነው፤ አብዛኞቹ መርከቦች የጉዞውን ካርታ በአንድ ቻናል ያሳያሉ። ያ ካርታ ግን መርከቡ የት እንዳለ እንጂ እርስዎ ምን እያዩ እንደሆነ አይነግርዎትም። ከዴኩ ላይ ሆነው በስተግራ የታየዎት መብራት የየትኛው መንደር እንደሆነ፣ ያ ደሴት ሰው ይኖርበት እንደሆነ፣ ቀጣዩ ወሽመጥ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚደርስ የሚያውቁት እጅዎ ላይ ባለው ካርታ ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ከቺቪታቬኪያ ወደ ሲሲሊ የሚወርድ መርከብ ብዙ ጊዜ በስትሮምቦሊ አጠገብ ያልፋል። ስትሮምቦሊ ከባሕር ጠለል 924 ሜትር ከፍ ያለ፣ ከ2,000 ዓመት በላይ ያለማቋረጥ ሲተፋ የኖረ እሳተ ገሞራ ነው፤ በሌሊት ጫፉ ላይ ቀይ ፍንጣቂ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፣ ደቂቃዎች ቆይቶ ደግሞ ይመለሳል። ኤርታሌን ለማየት በረሃ አቋርጦ የሄደ ኢትዮጵያዊ የዚህ ዕይታ ዋጋ ይገባዋል። መርከቡ ውስጥ ያለው ሰው አብዛኛው ግን ተኝቶ ያልፈዋል። ካርታው ካለዎት ከምሽቱ ርቀቱን ለክተው፣ በመርከቡ ፍጥነት አካፍለው፣ ሰዓቱን ያወጣሉ፤ በየትኛው ጎን መቆም እንዳለብዎትም ያውቃሉ። ከስትሮምቦሊ እስከ መሲና ሰርጥ መግቢያ ደግሞ በ20 ኖት (በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር ያህል) ፍጥነት ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ሰርጡ በጠባቡ በኩል 3 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ሲሲሊን በአንድ በኩል፣ ዋናውን የጣሊያን ምድር በሌላ በኩል እያዩ ያልፋሉ። ለዚህ ሰዓት አልጋ ውስጥ መገኘት ያሳዝናል።

አፑ ፍጥነቱን በኖት፣ ርቀቱን በባሕር ማይል ያሳየኛል። ምን ማለት ነው?

አንድ የባሕር ማይል 1,852 ሜትር ነው፤ አንድ ኖት ደግሞ በሰዓት አንድ የባሕር ማይል። የክሩዝ መርከብ የተለመደ ፍጥነት ወደ 20 ኖት ስለሆነ በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአፑ ማስተካከያ ውስጥ ወደ ኪሎ ሜትር መቀየር ይችላሉ፤ እኔ ግን እንዳለ ቢተዉት እመርጣለሁ፤ የካፒቴኑም ማስታወቂያ በኖት ነው የሚነገረው።

የባሕር ማይል ከኬክሮስ የመጣ ልኬት ነው። አንዱ ዲግሪ ኬክሮስ በ60 ደቂቃ ይከፈላል፣ አንዱ ደቂቃ አንድ የባሕር ማይል ነው። መስቀል አደባባይ ላይ ቆመው ስልክዎን ቢያዩ 9 ዲግሪ ከ0.6 ደቂቃ ሰሜን አካባቢ ያነባሉ። 9 በ60 ሲባዛ 540 ነው። ስለዚህ ከምድር ወገብ 540 የባሕር ማይል ያህል፣ ማለትም 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ቆመዋል ማለት ነው። ይህን ስሌት እዚህ አንዴ ከለመዱት ባሕር ላይ ያለ ካርታ እንኳ ቁጥሩን አይተው ምን ያህል ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ እንደሄዱ ያውቃሉ። ለኬንትሮስ ግን አይሠራም፤ የኬንትሮስ መስመሮች ወደ ዋልታዎቹ ሲሄዱ እየተቀራረቡ ይመጣሉ።

ባሕር ላይ ሆኜ ስልኬ ከፍታ 60 ሜትር፣ ሌላ ጊዜ ከዜሮ በታች ያሳያል። እንዴት ሊሆን ይችላል?

ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ለኖረ የአዲስ አበባ ሰው ዜሮን ማየት ያጓጓል፤ ቁጥሩ ዜሮ ሳይሆን ሲቀር ደግሞ ግራ ያጋባል። ጂፒኤስ ከፍታን የሚለካው ከእውነተኛው የባሕር ገጽ ሳይሆን፣ መሬትን በስሌት ከሚወክል ለስላሳ ቅርጽ ተነስቶ ነው። የምድር ስበት በየቦታው እኩል ስላልሆነ እውነተኛው የባሕር ገጽ ከዚያ ቅርጽ አንዳንድ ቦታ ከፍ፣ አንዳንድ ቦታ ዝቅ ይላል። ሮም አካባቢ 48 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ዱባይ አካባቢ ደግሞ ከ30 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። አንዳንድ አፖች ይህን ልዩነት ያስተካክላሉ፣ አንዳንዶቹ አያስተካክሉም። በዚያ ላይ እርስዎ የቆሙት ከውኃው ብዙ ፎቅ ከፍ ባለ ዴክ ላይ መሆኑን አይርሱ። ዳሎል ወርዶ ከ100 ሜትር በላይ ከባሕር ጠለል በታች ያነበበ ሰው ቁጥሩ እውነት ነበር፤ ዱባይ ወደብ ላይ የሚያነቡት ግን የልኬቱ መነሻ ውጤት ነው።

ዴኩ ላይ ስራመድ የስፖርት አፔ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሮጥክ ይለኛል።

የመርከቡን ፍጥነት ከእርስዎ ጋር ደምሮት ነው። ጂፒኤስ ከመሬት አንጻር ያለውን እንቅስቃሴ ብቻ ነው የሚያውቀው። አፑን የቤት ውስጥ ሩጫ ወይም ትሬድሚል ላይ ያድርጉት፣ እርምጃዎን ብቻ ይቆጥራል።

ሰዓቱስ? ስልኬ፣ መርከቡና የእኛ አቆጣጠር ተደባለቁብኝ።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ወደብ ላይ የወረደ ተሳፋሪ ዘግይቶ ሲመለስ መርከቡ ትቶት ይሄዳል። የሚገዛዎት ሰዓት አንድ ብቻ ነው፣ የመርከቡ ሰዓት። ስልክዎ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ሆኖ የአዲስ አበባን ሰዓት ይዞ ሊቀጥል ይችላል፤ ወደብ ላይ ኔትወርክ ሲያገኝ ደግሞ በራሱ ወደ አገሩ ሰዓት ሊቀየር ይችላል፤ መርከቡ ግን የራሱን ይዞ ይቆይ ይሆናል። አውቶማቲኩን አጥፍተው በእጅዎ ከመርከቡ ሰዓት ጋር ያስተካክሉት። ጣሊያን በበጋዋ ወራት ከእኛ በ1 ሰዓት ወደ ኋላ ናት፣ ግሪክ በዚያው ጊዜ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ናት፣ ዱባይ በ1 ሰዓት ትቀድማለች። ወረቀቱ ላይ 16:30 ይመለሱ ከተባለ በእኛ አነጋገር ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ነው፤ እናትና አባትዎን ይዘው ከሆነ በዚያው በለመዱት አቆጣጠር ጽፈው ይስጧቸው፣ ኪሳቸው ውስጥ ይሁን።

የተመዘገበው መስመር ውስጥ ያሉት ሰዓቶች በዓለም አቀፉ ሰዓት ናቸው። ከዚያ ላይ 3 ቢቀንሱ በቀጥታ በእኛ አቆጣጠር የአዲስ አበባን ሰዓት ያገኛሉ፤ 12:00 ብሎ የመዘገበው እዚህ ከቀኑ 9 ሰዓት የነበረ ነው።

በየስንት ሰከንዱ ልመዝግብ? ባትሪውስ?

በ20 ኖት መርከቡ በአንድ ደቂቃ 600 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ስለዚህ በየደቂቃው አንድ ነጥብ ለክፍት ባሕር ይበቃል። በቀን 1,440 ነጥብ ነው፤ ፋይሉም ቀላል ይሆናል። ወደብ ሲገቡና ሲወጡ፣ በጠባብ ሰርጥም ሲያልፉ ወደ 10 ሰከንድ ያውርዱት፤ መርከቡ የሚታጠፍባቸው ቦታዎች ያምራሉ። ፓወር ባንክ ከያዙ ለአውሮፕላኑ በእጅ ሻንጣ ያድርጉት። የእኛ ባለ ሁለት ክብ እግር ቻርጀር በአውሮፓ ሶኬት ይገባል፤ የአሜሪካ ሶኬት ብቻ ላለው መርከብ መቀየሪያ ይያዙ። ማከፋፈያ ገመድ ከመውሰድዎ በፊት ግን ኩባንያው የከለከላቸውን ዕቃዎች ዝርዝር ያንብቡ፤ ብዙዎቹ አንዳንድ ዓይነቶችን አያስገቡም።

ነጥቡ በድንገት ቤይሩት አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ታየ። ምን ሆኖ ነው?

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በምሥራቅ ሜዲትራኒያን፣ በቀይ ባሕርና በባልቲክ ከግጭቶች ጋር ተያይዞ የጂፒኤስ ምልክት ይታወካል፤ አንዳንዴ ደግሞ ሐሰተኛ ምልክት ይሰራጫል። ስልኩ ያንን አምኖ እርስዎን ወደ ሌላ አገር ይወስድዎታል። ስልኩ አልተበላሸም፣ መርከቡም አልጠፋም። መኮንኖቹ ራዳር፣ ጋይሮኮምፓስ (ያለ ሳተላይት ሰሜንን የሚያሳይ መሣሪያ) እና የባሕር ዳርቻ ምልክቶች አሏቸው። እርስዎ ከአካባቢው እስክትወጡ ይጠብቁ፤ የተሳሳተውን ክፍል በኋላ ከመስመሩ ላይ ይቁረጡት።

አዲስ አበባ ያሉ ቤተሰቦቼ መርከቡን መከታተል ይችላሉ?

ይችላሉ፤ የእርስዎ ስልክም አያስፈልጋቸውም። በዓለም አቀፉ የባሕር ደኅንነት ስምምነት መሠረት የመንገደኛ መርከቦች ኤአይኤስ የተባለ ማሰራጫ ይይዛሉ፤ ስማቸውን፣ ቦታቸውን፣ ፍጥነታቸውንና አቅጣጫቸውን በየጥቂት ሰከንዱ ያሰራጫል። ማሪን ትራፊክ ወይም ቬሰል ፋይንደር በተባሉት ድረ ገጾች ላይ የመርከቡን ስም ጽፎ መፈለግ ይቻላል። ስማቸው የሚመሳሰል መርከቦች ስላሉ ባለ 7 አኃዙን የአይኤምኦ ቁጥር (የመርከቡን መለያ) ለቤተሰብ ጽፈው ይተዉ፤ መርከቡ ስሙ ቢቀየር እንኳ ቁጥሩ አይቀየርም።

አስቀድመው የሚነግሯቸው አንድ ነገር አለ። በነጻ የሚታየው መረጃ በአብዛኛው በባሕር ዳርቻ አንቴናዎች የተሰበሰበ ስለሆነ መርከቡ መሃል ባሕር ሲገባ ካርታው ላይ ለሰዓታት ቆሞ ይቀራል፣ ወይም ይጠፋል። ቤት ያሉት እናት ይህን ሳያውቁ ሌሊቱን ሲጨነቁ ማደር የለባቸውም። «መርከቡ ከዳርቻ ሲርቅ አይታይም፣ ጠዋት ወደብ ሲቀርብ ይመለሳል» ብለው ከመሄድዎ በፊት ይንገሯቸው።

በሳተላይት መልእክት የሚልክ መሣሪያ ወይም ሳተላይት ስልክ ልያዝ?

ለክሩዝ አያስፈልግም። ከዚህም በላይ ሕጉን ያስቡ፤ ተራ ጂፒኤስ የሚቀበል ብቻ ነው፣ እነዚህ ግን ያሰራጫሉ። ሳተላይት ስልክ ወደ ኢትዮጵያ ለማስገባት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ሕንድም ያለ ፈቃድ መያዙን ከልክላለች። ውጭ ያለ ዘመድ ገዝቶ ቢሰጥዎት ቦሌ ጉምሩክ ላይ ከመድረስዎ በፊት ስለ ፈቃዱ ይጠይቁ።

ስመለስ የመዘገብኩትን ምን ላድርገው?

ገና መርከቡ ላይ እያሉ በየምሽቱ የቀኑን መስመር ይዝጉና በቀኑ ስም ያስቀምጡት፤ ስልኩ ቢጠፋ ወይም ውኃ ቢገባው ሁሉም አብሮ እንዳይሄድ አንዱን ቅጂ ወደ ሁለተኛው ስልክ ይላኩ። የፋይሉ ዓይነት ጂፒኤክስ ይባላል፤ ኮምፒውተር ላይ በጉግል ኧርዝ ይከፈታል። ከፎቶዎችዎ ጋር እንዲገጥም የስልኩ ካሜራ ሎኬሽን እንዲመዘግብ ከመጀመሪያው ያብሩት፤ ያኔ እያንዳንዱ ፎቶ በራሱ ቦታ ላይ ይቀመጣል። ለልጆችና ለዘመድ ከመላክዎ በፊት ግን ፋይሉን ከፍተው መጀመሪያውንና መጨረሻውን ይዩ። መመዝገቢያውን ከቤት ጀምረው ከሆነ የቤትዎ በር እዚያ ላይ በግልጽ አለ፤ ያንን ቆርጠው ከወደቡ ጀምሮ ያለውን ብቻ ይላኩ።